ዘግይቶ የሚስቀው ጎረቤት

ሳያት ያንን ሰው በመጀመሪያ ያወቀችው በሳቁ ነው። መልኩንማ በየቀኑ ታየው ነበር፤ የአባቷ ተከራይ ነው። ጠዋት ጠዋት ግቢው ቧንቧ ላይ ጀሪካኑን ደቅኖ «እንደምን አደርሽ» ይላታል፤ እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች። እንዲህ ባለ ሰላምታ ሰውና ሰው ዕድሜ ልኩን አንድ ግቢ ኖሮ ላይተዋወቅ ይችላል።

ቤታቸው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው። አባቷ አቶ ገብረጻድቅ መናኸሪያ አካባቢ የቤት ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ድስት፣ ማጥለያ፣ የማይሸጡት የለም። ቤቱን ሲሠሩ በወጣትነት ሞቅታ ሳሎኑን እንደ አዳራሽ አሰፉትና ኋላ ቆጫቸው። ነጋዴ ባዶ ቦታ ሲያይ ያመዋል። ዳሩን በስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ከፈሉት፣ በግቢ በኩል በር አወጡለት፣ አከራዩት። ኮምፔርሳቶ ግን ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከለክልም።

ተከራዩ ዋሲሁን ይባላል። የይርጋለም ልጅ ነው፤ ሐይቅ ዳር ባሉት ሆቴሎች እየዞረ ፍሪጅና የዓሣ ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲራመድ እንኳ ሰው እንዳይረብሽ የሚጠነቀቅ ዓይነት ነው።

ከኮምፔርሳቶው ወዲህ ደግሞ የሳያት እናት ወይዘሮ ፅጌ ነበሩ። ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙ ጨው ከለከላቸው፣ ደረጃ ከለከላቸው፣ ንዴት ከለከላቸው።

«ሳቅ አልከለከለኝም አይደል?» አሉ ወይዘሮ ፅጌ። «በቃ፣ እሱን እጠግባለሁ።»

ያሉትንም አደረጉ። ሳያት ከሱቅ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን ከትንሿ ስፒከር ጋር ታገናኛለች፤ ከዚያ እናትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እራት እስኪደርስ ስታንድአፕ ኮሜዲ ይሰማሉ።

ወይዘሮ ፅጌ የዋዛ አድማጭ አልነበሩም። በራሱ ቀልድ የሚስቅ ኮሜዲያን አይወዱም፤ «ራሱ በልቶ ለእንግዳው ባዶ ሳህን የሚያቀርብ» ይሉታል። ሚስቱን እየሰደበ የሚያስቅ ከመጣ «ይቺን ዝለያት፤ ይሄ ሰውዬ ቤቱ ተኮርፏል» ይላሉ። ከመድረኩ ቀልድም ይልቅ ቀልደኞች ስለ ሕይወታቸው የጻፉትን መጽሐፍ ያስበልጡ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ የምታነብላቸው ሳያት ናት።

«መድረክ ላይማ ሁሉም ያየዋል» ይላሉ። «እኔ የምፈልገው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ምን እንደሚል ነው።»

አቶ ገብረጻድቅ በዚህ ሁሉ የሉበትም። ሶፋው ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አልፎ አልፎ አንዱን ዓይን ገልጠው «አሁን ለዚህ ሰውዬ ይከፍሉታል?» ይሉና መልሰው ይጨፍኑታል። ሚስታቸው «ተዪው፣ ተኝቷል» ይላሉ፤ ሳያትም ተኝቷል ብላ ታምናለች።

አንድ ምሽት አንዱ ኮሜዲያን ከአማቱ ጋር ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቆ ስለሄደበት ቀን ሲያወራ፣ እናትና ልጅ ስቀው፣ ስቀው፣ እንባቸውን ጠርገው፣ ዝም አሉ። ዝም ካሉ በኋላ ነው ከግድግዳው ወዲያ አንድ ነገር የፈነዳው። ታፍኖ ታፍኖ ያመለጠ፣ የታነቀ የሚመስል፣ ወፍራም ሳቅ።

ወይዘሮ ፅጌ ዓይናቸው በራ። «ሰማሽ?»

«ምነው ዘገየ?»

«ይዞት ነዋ። እኛ እንዳንሰማ ትራስ ነክሶ ነው።»

በማግስቱ ስፒከሯ ከጠረጴዛው ተነስታ ግድግዳው ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች። ሳያት «እማዬ፣ ሰውየው ይታዘበናል» ብትል፣ እናቷ «ወጥ ሲሠራ ሽታው የደረሰው ጎረቤት መቅመስ አለበት» ብለው ዘጓት። ከዚያ በኋላ የምሽቱ ጨዋታ ሁለት ሳቅ ኖረው፤ አንዱ የእነሱ፣ ሌላው ቆይቶ የሚመጣው። ወይዘሮ ፅጌ ቀልዱ ካለቀ በኋላ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀስረው ይጠብቃሉ፤ ሲመጣ «ይኸው! ዘግይቶ ሳቂው መጣ» ይላሉ። ጠዋት ቧንቧው ላይ ሳያትና ዋሲሁን ሲገናኙ ግን አሁንም «እንደምን አደርሽ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር። ልዩነቱ አሁን ሁለቱም መሬት መሬቱን እያዩ መሆናቸው ነው።

ከክረምቱ በፊት አንድ መጽሐፍ ጀመሩ። የአንድ የድሮ ቀልደኛ የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውየው በሃያ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣበት ምዕራፍ ላይ ደረሱ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የመጀመሪያውን ቀልድ ይናገራል፤ አንድ ሰው አይስቅም። አፉ ይደርቃል። ሁለተኛውን ሊጀምር አፉን ሲከፍት መብራት ይጠፋል።

«እዚህ ላይ አቁሚ» አሉ ወይዘሮ ፅጌ።

«እማዬ፣ እዚህ ላይ ይቆማል?»

«እዚህ ላይ ነው እንጂ የሚቆመው። የቀረውን ነገ። ለነገ የምጠብቀው ነገር ይኑረኝ።»

ሳያት የገጹን ጥግ አጠፈች። በማግስቱ እናቷ ሆስፒታል ገቡ። ከዚያ ወደ ቤት አልተመለሱም።

*

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ቴሌቪዥኑ ጨርቅ ለበሰ፣ ስፒከሯ ሣጥን ገባች፣ ሳያት ከል ለበሰች። የአባቷ ታላቅ እህት እትዬ ብዙአየሁ ከቡታጅራ መጥተው የሐዘኑን ሥርዓት ያዙ። እሳቸው ባሉበት ሐዘን የሚጎድለው ነገር የለም፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ቀይ ሹራብ ለብሶ መጣ፣ ሁሉንም ያውቃሉ።

ዋሲሁን ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ ነበር። አግዳሚ ወንበር ተሸከመ፣ ውሃ ቀዳ፣ አስታጠበ። ሳያት እንባ ባቀረረ ዓይኗ አንድ ሁለት ጊዜ አይታዋለች።

ሠልስቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ተነጋግሮ ደክሞት ዝም ባለበት ሰዓት፣ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ሳቅ ተሰማ። ወፍራም፣ ያመለጠ፣ እውነተኛ ሳቅ። ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሰማው። ሳያትም ሰማችው፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

እትዬ ብዙአየሁ ደረታቸውን መቱ። «የፅጌ አፈሯ ሳይደርቅ ሳቁብን? ይሄን ጉድ ለማን ይነግሩታል?»

አቶ ገብረጻድቅ አንድ ቃል አልተናገሩም። አርባው ካለፈ በኋላ ግን እህታቸው ሌት ተቀን ሲጎተጉቷቸው ስለከረሙ፣ ወንድማቸው «ክረምቱ ሲወጣ ክፍሉን ይልቀቅ» አሉ። አቶ ገብረጻድቅ አንዴ የተናገሩትን አይመልሱም፤ በሱቃቸውም ዋጋ አይቀንሱም።

ሳያትን ያበሸቃት ሌላ ነገር ነበር። ሰው ቢስቅ ይስቃል። ግን ያ ሳቅ የእናቷ ነበር፤ እናቷ ጣት ቀስረው የሚጠብቁት፣ የሁለቱ የግላቸው። እሱን አውጥቶ ለቅሶ ቤት ላይ መበተን ለእሷ ከስድብ ይብስ ነበር። አንድ ጠዋት ቧንቧው ላይ ስታገኘው ሰላምታውን ሳትጠብቅ ጀመረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናቴ ስፒከሩን ወደ ግድግዳው ያስጠጋችው ለአንተ እንደነበር ታውቃለህ?»

ዋሲሁን ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር አስቀመጠ። «አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን አሳቀህ?»

ጀሪካኑ ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ፤ ሁለቱም ያዩታል፣ ማንም አይዘጋውም። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገባና አንድ መጽሐፍ ይዞ ወጣ። ያው የቀልደኛው መጽሐፍ ነው፤ አዲስ።

«እትዬ ፅጌ ሆስፒታል የገቡ ዕለት ገዛሁት» አለ። «መብራት ጠፍቶበት ሰውየውን መድረክ ላይ ትታችሁት ሄዳችሁ። እኔም እዚያው ቀረሁ። ሲመለሱ አብረን እንሰማለን ብዬ አልከፈትኩትም። ሠልስቱ ዕለት ግን ወንበር ስናነሳ ቆይቼ ገባሁና... እንጃ፣ ላነብላቸው ፈለግኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለእሳቸው አነበብኩላቸው። አንዲት ቦታ ላይ ስደርስ ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ።»

«ልቅሶ አልሰማንም።»

«ለልቅሶው ትራሱ ደርሶልኛል» አለ ዋሲሁን። «ሳቁ ነው የቀደመኝ።»

ሳያት ቧንቧውን ዘጋችው። ስትቆጣ የምትለውን ሁሉ አስባ ነበር የመጣችው፤ አንዱም አልቀረላትም። እናቷ ከሞቱ ጀምሮ ብዙ ሰው አጽናንቷታል፤ ሁሉም «አይዞሽ፣ የሞተ ተጎዳ» ይላታል። እናቷ በተዉት ገጽ ላይ ቆሞ የጠበቀ ግን ይህ ሰው ብቻ ነበር።

«ምን እንደሚል እንዳትነግረኝ» አለች።

«አላነበብሽውም?»

«ነገ ነው ያለችኝ። ካነበብኩት ያልቃል።»

ዋሲሁን ራሱን ነቀነቀ። «አልነግርሽም» አለ። ሳያት ወደ ሱቅ ስትሄድ ባጃጅ ውስጥ አለቀሰች፣ ግን ሌላ ዓይነት ልቅሶ ነበር።

*

ከዚያ ወዲህ ዋሲሁን ማጥለያ የሚያበዛ ሰው ሆነ። መናኸሪያ ድረስ ይመጣና ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማጥለያ ይጠይቃል። አንዱን ሳምንት ትልቅ፣ ሌላውን ትንሽ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ትልቅ።

«ለመሆኑ ምን እያጠለልክ ነው?» አለችው ሳያት አንድ ቀን። አባቷ ዕቃ ሊያወርዱ ወጥተዋል።

«ሻይ።»

«ብቻህን ነው የምትኖረው።»

«ብዙ ነው የምጠጣው» አለና ጆሮው ድረስ ደም መሰለ።

አንድ ቅዳሜ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ጋ፣ ማቀዝቀዣ ሊጠግን ሲሄድ እሷም ለሙት ዓመቱ የሚሆን ሰፌድ ልታይ ወደዚያው ነበረች፤ ሰፌድ እዚያ እንደማይሸጥ ሁለቱም ያውቃሉ። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች የዓሣ አንጀት እየጠበቁ ቆመዋል። ዋሲሁን ቀልድ ሊነግራት ሞከረ። ቀልድ ሲሰማ እንጂ ሲናገር አይሆንለትም፤ ከመጨረሻው ጀመረና ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ሲል መሀሉ ጠፋው።

«ቆይ፣ ሰውየው መጀመሪያ በሬ ነበረው» አለ። «በሬውን አልነገርኩሽም?»

ሳያት ልትስቅ ስትል እጇን አፏ ላይ ጣለች። ጥቁር ቀሚሷን አየችና ፊቷ ተመልሶ ተዘጋ። ዋሲሁን አይቷታል።

«ምነው?» አለ።

«ዓመቱ አልወጣም። ሰው ምን ይለኛል?»

«ሳቅም ከል ይለብሳል እንዴ?»

ጎን ለጎን ቆመው ዝም አሉ። ዝምታው ግን የሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ዝምታ አልነበረም፤ ትከሻው ትከሻዋን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር፣ እሷም አልራቀችም። ይህን ሰው እንደወደደችው ያን ጊዜ አወቀች፤ ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ ፈራች።

«ክረምቱ ሊወጣ ነው» አለ ዋሲሁን ሐይቁን እያየ። «ክፍል መልቀቅ አይከብደኝም፤ ሌላ እከራያለሁ። ግድግዳውን መልቀቅ ነው የከበደኝ።»

ሳያት ለረጅም ጊዜ አሰበች። ከአባቷ ጋር መነጋገር አይቻልም፤ ልጅ ናት፣ ያውም ሴት ልጅ፣ ያውም ስለ ወንድ። አክስቷ ደግሞ የወንዱን ስም ሲሰሙ ያማትባሉ። «ሽማግሌ ላክ» አለችው በመጨረሻ። «አባዬ ሽማግሌ ያከብራል። ስለ ሳቁ ይቅርታ ጠይቀው፤ ቃሉን የሚመልሰው በሽማግሌ ብቻ ነው።»

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ያላሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሴት ልጅ ያለበት ቤት ሽማግሌ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ምንድነው?

*

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። አንዱ የዋሲሁን አለቃ አቶ ሽበሺ ናቸው፤ ሌላው ጋሽ ዳንኤል፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ዋሲሁን የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከኋላቸው በሩ ጋ ቆመ። ሳያት ጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆና ትሰማለች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ አቶ ገብረጻድቅ።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ሽበሺ። «ጉዳያችንን ሰምተው ቃል ሳይሰጡን ወንበር አንነካም።»

አቶ ገብረጻድቅ ቅንድባቸው ተነሳ። እትዬ ብዙአየሁ ከሚለቅሙት ምስር ላይ ቀና አሉ።

ጋሽ ዳንኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸውና አጭር ንግግር አያውቁም። «አቶ ገብረጻድቅ፣ ጎረቤት ከዘመድ አያንስም። ይህ ልጃችን በእርስዎ ጣሪያ ሥር ሲኖር ይህን ቤት ወዷል፣ አክብሯል። ከዚህ ቤት መለየት አልሆነለትም። እንቅልፍ አጥቷል። እርስዎ እሺ ካላሉት ልቡ አያርፍም። እኛም እግርዎ ላይ ወድቀን እሺ ልናሰኝዎ መጥተናል።»

«ሰማህ ወንድሜ» አሉ እትዬ ብዙአየሁ ሰፌዱን አስቀምጠው። «ገና ከሏ ከላይዋ ሳይወርድ። ደግሞስ ሙሽራው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ተሰልፎ ሲመጣ የት አገር ታይቷል?»

አቶ ገብረጻድቅ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ሽማግሌ አከብራለሁ። ግን ልጅ የሚዳርበት ጊዜ ይሄ ነው? የእናቷ ዓመት ሳይወጣ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መጣችሁ።»

አቶ ሽበሺ ግራ ገባቸው። «የምን ልጅ?»

«ሳያትን ነዋ።»

አቶ ሽበሺ ጋሽ ዳንኤልን አዩ። ጋሽ ዳንኤል ዋሲሁንን አዩ። ዋሲሁን አንገቱን ቀና አደረገ፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ስለ ሳቁ ይቅርታ ልጠይቅ ነው» አለ። «ያኛውን... ያኛውንማ ገና ለራሷም አልነገርኳት።»

ከመጋረጃው ኋላ ሳቅ ተሰማ።

ሳያት ልትይዘው ሞክራ ነበር። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ነበር። አልሆነም። መጀመሪያ ትንፋሹ ወጣ፣ ቀጥሎ ድምፁ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ እናቷ ከሞቱ ጀምሮ የሰበሰበችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። እትዬ ብዙአየሁ ተነስተው ወደ ጓዳ ሊገቡ ሲሉ ወንድማቸው እጃቸውን አነሱ።

«ተዪያት» አሉ።

አቶ ገብረጻድቅ መጋረጃውን እያዩ ቆዩ። ያ ሳቅ እንዴት እንደሚጀምር እሳቸው ያውቁታል፤ ሠላሳ ዓመት አብረውት ኖረዋል። ሳያት ዓይኗን እየጠረገች ወጣችና አንገቷን ደፋች።

«አባዬ፣ ይቅርታ...»

አባቷ አልሰሟትም። ወደ ዋሲሁን ዞረው ነበር። «ያን ቀን ምን ነበር ያሳቀህ?»

«መጽሐፍ ነው፣ ጋሼ። እትዬ ፅጌ ሲነበብላቸው የነበረው። የቀልደኛው። እሳቸው ያቆሙበት ቦታ... መድረክ ላይ እንዳለ መብራት...»

አቶ ገብረጻድቅ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡት። ወለሉን አዩ።

«መጣ?» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«መብራቱ።»

ሳያት አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ሶፋው ጥግ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው የከረሙት ሰው። እናቷ «ተዪው፣ ተኝቷል» የሚሉት ሰው። እሳቸውም በዚያች የታጠፈች ገጽ ላይ ቆመው ነበር፤ ያን ሁሉ ወራት ብቻቸውን፣ ጨለማው አዳራሽ ውስጥ፣ ማንንም ሳይጠይቁ። ከእሷ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ።

ዋሲሁን ሊመልስ ሲል ሳያት ቀደመችው። «እንዳትነግረው» አለች። ገብታ ከእናቷ መሳቢያ መጽሐፉን አመጣች። ጥጉ እንደታጠፈ ነው። ሶፋው ላይ፣ ከአባቷ አጠገብ፣ እናቷ ይቀመጡበት በነበረው በኩል ተቀመጠች። የታጠፈውን ቀና አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«‹ጨለማው ውስጥ ቆሜ ልሽሽ ወይስ ልናገር እያልኩ ሳመነታ፣ ከኋላ ወንበሮች በኩል አንድ ሰው ሳቀ። የሳቀው በመጀመሪያው ቀልዴ ነበር፤ ገና አሁን ደርሶት። ያንን ሳቅ እየተከተልኩ ሁለተኛውን ተናገርኩ፣ ሦስተኛውን ተናገርኩ። መብራቱ ያን ምሽት ጨርሶ አልመጣም። ማን እንደሳቀልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በየመድረኩ የምናገረው ግን ለእሱ ነው።›»

አቶ ገብረጻድቅ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እትዬ ብዙአየሁ ወንድማቸው ያለቀሱ መስሏቸው እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ፤ ጋቢው ትንሽ ሲገለጥ ግን ደነገጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ እየሳቅክ ነው?»

«ሁለቱንም ነው» አሉ አቶ ገብረጻድቅ። «እዚያም ዘግይቶ ሳቂ አለ! ፅጌ ይሄን ብትሰማ ግድግዳውን ትደበድበው ነበር።»

ጥቂት ቆይቶ፣ ሰው ሁሉ ከተረጋጋ በኋላ፣ በሩ ጋ የቆመው ዋሲሁን ፈነዳ። እያለቀሰም ነበር፤ ይህን ጊዜ ትራስ አላገኘም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አሉ አቶ ገብረጻድቅ ወደ ልጃቸው ዞረው።

«ሁልጊዜ» አለች ሳያት።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ይቅርታውን ተቀብያለሁ» አሉ አባቷ ለሽማግሌዎቹ። «ክፍሉም አይለቀቅም። አሁን ተቀመጡ፣ እግራችሁ ዛለ።» ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ማንንም ሳያዩ ጨመሩ። «ሌላ ጉዳይ ካለ ደግሞ ዓመቱ ይውጣ።»

ሳያትና ዋሲሁን ተያዩ። ጋሽ ዳንኤል ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ አቶ ሽበሺ ክርናቸውን ያዟቸው።

*

ዋሲሁን ላልነገራት ነገር ጊዜ አላባከነም፤ ያኑ ዕለት ጀምበር ሳትጠልቅ ቧንቧው ላይ ነገራት። ምን እንዳላት አልጽፍም፤ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ መጀመሪያው እንደተመለሰ ግን ሳያት ራሷ ተናግራለች። የመለሰችለትም «እሺ» ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ እሺታው እስኪገባው ጥቂት ፈጀበት።

ስፒከሯ ከሣጥን ወጥታ መደርደሪያው ላይ ተመለሰች። ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ አክስትየዋ እንዳይቀየሙ። እትዬ ብዙአየሁ መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተው ምስራቸውን ይለቅሙ ነበር፤ ቡታጅራ ሊመለሱ ሲሉ ግን «ያ ከአማቱ ጋር ባጃጅ የተሳፈረው ልጅ ሌላም ቀልድ አለው?» ብለው ጠየቁ።

ሙት ዓመቱ ወጣ። ሳያት ከሏን አወለቀች። በሳምንቱ እሑድ አቶ ሽበሺና ጋሽ ዳንኤል እንደገና መጡና ሳሎኑ መሀል ቆሙ። ሙሽራው በዚህ ጊዜ እንደ ደንቡ አልመጣም፤ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ገብረጻድቅ።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ሽበሺ።

«ዛሬስ ማን ሳቀብኝ?»

«ዛሬ ማንም አልሳቀ። ዛሬ እውነትም ለልጅዎ ነው የመጣነው።»

አቶ ገብረጻድቅ ሽማግሌዎቹን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። መጋረጃው ኋላ ሳያት ትንፋሿን ይዛለች። አባቷ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ድምፃቸውን ወደ ግድግዳው ከፍ አደረጉ።

«ታዲያ ምነው ዘገያችሁ?» አሉ።

ከግድግዳው ወዲያ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ዋሲሁን ሳቀ።